የገለባው አይሮፕላን

በዚህ ዐምድ ከወር እስከ ወር ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ዕረፍት ጊዜ አጠቃቀም ለአንባቢዎቻችን ምክር ስንለግስ ቈይተናል። ምክር መስጠት ከመቀበል ይልቅ ቀላል መሆኑን ግን ያለፈው የቡሄ ዋዜማ በገዛ ቤታችን አስተማረን። ስለዚህ የዛሬውን ጽሑፍ የምንጀምረው በራሳችን ጥፋት ነው።

ነሐሴ 12 ቀን ማታ ነበር። በአቃቂ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ስለ ዋለ በጓሮ የተከመረው እንጨት ሁሉ ረጥቧል። የሰፈሩ ልጆች ጅራፋቸውን እያጮኹ በየደጃፉ «ሆያ ሆዬ» ይላሉ፤ የእኛም ችቦ ሊለኰስ ይገባዋል፤ እሳቱ ግን ጭስ ብቻ ሆነ። ደረቅ ማቀጣጠያ ፍለጋ ወደ ቤት ገብተን በልጆቹ ክፍል ማዕዘን ብንመለከት፥ ከአንድ አሮጌ ሣጥን ላይ ጥቂት የስንዴ አገዳና የቀርከሃ ስንጥር በስስ ፌስታል ተጠቅልሎ የተቀመጠ መሰለን። በአንድ እጃችን ጨብጠን አወጣነውና ከእሳቱ ላይ ጣልነው። እውነቱን ለመናገር፥ እጅግ መልካም ሆኖ ነደደ።

የ12 ዓመት ልጃችን ጅራፉን በትከሻው ላይ እንደ ጣለ ከደጅ ቆሞ ነበር። «አባዬ!» ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ። ዘወር ብለን ብናየው ዐይኖቹ ከእሳቱ ላይ ተተክለዋል። ያን ጊዜ እኛም ወደ እሳቱ ስንመለከት፥ ነበልባሉ የያዘው ነገር ክንፍና ጭራ ያለው መሆኑ ታየን፤ በዚያው ቅጽበትም ዐመድ ሆነ። ልጁ አላለቀሰም፥ አልተቈጣምም። ከጓደኞቹ ጋራ ሊዞር ሄደ፤ ሙልሙሉን ይዞም በጊዜው ተመለሰ። ያስጨነቀን ይኸው ዝምታው ነው።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲሠራው የቈየ አይሮፕላን ነበር እኮ» ብላ የነገረችን የቤታችን እመቤት ናት። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ልጁ ከመስኮቱ አጠገብ ተጐንብሶ ምላጭና ክር ይዞ ስናገኘው፥ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወራት እንኳ «መጽሐፍህን አታነብምን?» ከማለት በስተቀር፥ ምን እንደሚሠራ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅነውም። ለካስ የፊዚክስ መምህሩ የሰጠውን ሥዕል ይዞ፥ በአዳራሽ ውስጥ በላስቲክ ኀይል የሚበር ትንሽ አይሮፕላን እየሠራ ኖሯል።

በማግሥቱ ይቅርታ ጠየቅነው። «ግድ የለም አባዬ፤ ሌላ ይሠራል» አለን። ጥቂት አስቦም፥ «ያኛው ግን በጣም ቀላል ነበር» ሲል ጨመረ። ይህንም ያለው ስለ ክብደቱ ነው። እኛም ሁለተኛውን አብረን እንድንሠራ ብንጠይቀው እጃችንን አየት አደረገና፥ «እጅዎ ይከብዳል» አለን። ሆኖም ፈቀደልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅራፍ የገመደ ልጅ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ተጠምዝዞ የተያዘ ነገር ሲለቀቅ ወደ ኋላው ይፈታል። በዚህም አይሮፕላን ከግንዱ ሥር የተዘረጋ ላስቲክ አለ፤ አንዱ ጫፍ ከኋላ ከሽቦ መንጠቆ ላይ፥ ሌላው ከፊት በአፍንጫው ላይ ከሚሽከረከረው ከውልብልቢቱ ዘንግ ላይ ይያያዛል። ላስቲኩን በመቶ የሚቈጠር ዙር ጠምዝዘው ሲለቁት እየተፈታ ውልብልቢቱን ያዞራል፤ ውልብልቢቱም አየሩን ወደ ኋላ እየገፋ አካሉን ወደ ፊት ይስበዋል። ቤንዚን የለው፥ ባትሪ የለው፥ ድምፅ የለው። የጧፍ ጭስ የሚያዘነብል ነፋስ ስለሚጥለው ግን ከቤት ውጭ አይሆንለትም፤ ቦታው በሩ የተዘጋ አዳራሽ ነው።

ይህን ብልሃት ለዓለም ያሳየው አልፎንስ ፔኖ የተባለ ፈረንሳዊ ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1871 በፓሪስ ከተማ በቱይለሪ አትክልት ቦታ፥ በተጠመዘዘ ላስቲክ የሚሠራ ትንሽ አይሮፕላን በሰዎች ፊት ለቀቀ፤ 11 ሰከንድ ያህልም በረረ። ያን ቀን ወደ እኛ አቈጣጠር ብንመልሰው ነሐሴ 13 ቀን 1863 ዓ.ም. ይሆናል፤ ቡሄ ነው ማለት ነው። የእኛ አባቶች ልጆች ጅራፍ በሚገምዱበት ቀን እርሱ ላስቲክ ገምዶ ወጣ ብለን ከልጃችን ጋራ ሳቅን።

ከፔኖ በኋላ ብዙ ሰዎች አሻንጉሊቱን ቀዱት። በአሜሪካ አገር ሚልተን ራይት የተባለ የአንድ ፕሮቴስታንት ማኅበር ጳጳስ ነበረ። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1878 ከመንገድ ሲመለስ፥ ከቡሽ፥ ከቀርከሃና ከወረቀት የተሠራ፥ በላስቲክ ወደ ላይ የሚነሣ አንድ መጫወቻ ለሁለት ልጆቹ አመጣላቸው። ታላቁ ዊልበር 11፥ ታናሹ ኦርቪል 7 ዓመታቸው ነበር። የሌሊት ወፍ ብለው ጠሩት፤ እስኪሰበር ድረስ ተጫወቱበት፤ ከተሰበረም በኋላ ራሳቸው ሌላ ሠሩ። እያስተለቁ ሲሠሩት ግን አልበር አላቸው፤ ይህም ለብዙ ጊዜ አስገረማቸው። እነዚህ ሁለት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 በሞተር አይሮፕላን ወደ ሰማይ ሲነሡ የመጀመሪያው በረራቸው 12 ሰከንድ ነበረ። ከፔኖ አሻንጉሊት በአንድ ሰከንድ ብቻ በለጡ። አባታቸው መጫወቻውን ከማቀጣጠያ እንጨት ጋራ አላምታታውም፤ ይህን የምንለው በራሳችን ላይ ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ታሪክ ነው እንዳይባል፥ የምንኖርበት የአቃቂ ሜዳ ራሱ በዚህ ነገር ባዕድ አይደለም። ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያው አይሮፕላን የመጣው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ይህም የቡሄ ዋዜማ መሆኑን አንባቢዎቻችን ልብ ይሏል። ፖቴዝ 25 የተባለውን ይህን አይሮፕላን ያበረረው አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ አቃቂ የአይሮፕላን ማረፊያና የጥገና ቤት ያለበት ሜዳ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1935 ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ አብራሪና መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋራ ሆኖ፥ በአገራችን የተሠራውን የመጀመሪያውን አይሮፕላን በዚሁ በአቃቂ ሠራ። ሁለት ሰው የሚይዝ፥ ሞተሩም 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበረ። ስሙም በንጉሠ ነገሥቱ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ፀሐይ «ፀሐይ» ተባለ።

«ፀሐይ» የበረረችው ወደ 30 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ጦርነቱ ደረሰ፤ ጠላት አገሩን ሲይዝ አይሮፕላኒቱን ወደ ኢጣልያ ወሰዳት፤ በዚያም በአየር ኀይላቸው ቤተ መዘክር ቆማ ብዙ ዘመን ኖረች። ለኢትዮጵያ በይፋ የተመለሰችው ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ አስተርእዮ ማርያም ዕለት። ይህን ታሪክ ለልጃችን ስንነግረው ምላጩን አስቀመጠና፥ «እዚህ? አቃቂ?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀን። አጠገቡ ከባቡር ሐዲድ፥ ከፋብሪካና ከመጋዘን በቀር ሌላ ነገር አያውቅምና አይፈረድበትም። እኛም ብንሆን በዚህ ሜዳ ላይ ስንመላለስ ስንት ዓመት ኖረን ለልጆቻችን አንድ ቀን አልነገርናቸውም።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። በሌላው ዓለም ያሉ ሠሪዎች ለዚህ ነገር የሚወዱት ባልሳ የተባለውን እጅግ ቀላል የደቡብ አሜሪካ እንጨት ነው። በአቃቂ ገበያ ባልሳ አይገኝም፤ ነገር ግን ከመከር በኋላ የስንዴ አገዳ ሞልቷል። አገዳው ክብ ነው፥ ውስጡ ባዶ ነው፥ ቀጥ ያለ ነው፤ ከክብደቱ አንጻር ጥንካሬው ያስደንቃል። ልጃችን ለክንፉ የመረጠው ከአናቱ በታች ያለውን ረጅሙንና ቀጭኑን የአገዳ ክፍል ነው። ሁለት አገዳ ጫፍ ለጫፍ እየተሰካካ 45 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የክንፉ የፊትና የኋላ ጠርዝ ሆነ፤ በመካከላቸው ያለው ስፋት 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ጠርዞቹን የሚያገናኙት አምስት የቀርከሃ ስንጥሮች ናቸው። ስንጥሩ በሻማ ሙቀት ላይ ቀስ ተብሎ ሲታጠፍ ቅስት ይሆናል፤ ክንፉ ከላይ ጐበጥ ማለት አለበትና። ለግንዱም መጀመሪያ አገዳ ሞከርን፤ የላስቲኩ ስበት እንደ ቀስት አጐበጠው። በቀጭን ሸምበቆ ለወጥነው።

ልባሱ አትክልት የሚሸጥበት ዓይነት ስሱ ፌስታል ነው። ጠረጴዛ ላይ ሳይጨማደድ ተዘርግቶ፥ በጣም በቀጠነ ሙጫ የተቀባው ክንፍ ከላዩ ይቀመጣል፤ ሲደርቅ ዙሪያው በምላጭ ይቈረጣል። ውልብልቢቱን ከእርጎ መያዣ ቆረጥነው፤ የመያዣው ግድግዳ ራሱ ጐባጣ ስለሆነ፥ ሰያፍ ተደርጎ ሲቈረጥ የሚያስፈልገው ጠመዝማዛ ቅርጽ ያለ ድካም ይገኛል። ይህን ያወቀው ልጁ ነው፤ እኛ ከእንጨት እንጥረብ ብለን አንድ ምሽት አባክነናል። ዘንጉ ስስ ሽቦ ሲሆን፥ ሳይፋተግ እንዲዞር ከውልብልቢቱና ከአፍንጫው መካከል አንዲት ትንሽ ጨሌ ገብታለች። ሙጫውን በሚመለከት አንድ ቃል ለእናቶች፤ መስኮት ተከፍቶ ይሠራበት፥ ምላጩም ከታናናሾቹ ይራቅ።

ላስቲኩ ግን ትልቁ ፈተና ሆነብን። ልጃችን መጀመሪያ እንደ ወንጭፍ ሠሪዎች የመኪና ካላማዳሪያ ቈርጦ ነበር። ካላማዳሪያ አየር አያሳልፍም እንጂ ጉልበት መላሽ አይደለም፤ የሰጡትን ኀይል ግማሹን ይበላል፥ ይከብዳልም። የተሻለው ብር የሚታሠርበት ከተፈጥሮ ጐማ የተሠራው ላስቲክ ነው፤ እየተቈራኘ ይረዝማል። ሲጠመዘዝ ከራሱ ጋራ እየተፋጨ እንዳይበጠስ ቅባት ያስፈልገዋል። እኛ እንደ ዐዋቂ ሆነን ቫዝሊን ቀባነው። በሦስተኛው ቀን ላስቲኩ ላልቶ፥ ተንቀዝቅዞ፥ እንደ ተላቈጠ ሊጥ ሆነ። ለካስ ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ቅባት ሁሉ የተፈጥሮ ጐማን ያበላሸዋል። ከሳሙና ጋራ የተደባለቀ ግሊሰሪን ወይም የጉሎ ዘይት ግን አይጐዳውም። ግሊሰሪን ደግሞ ከቤታችን እመቤት መስተዋት ፊት አይጠፋም። ላስቲኩ ፀሐይና ሙቀት ስለማይወድ በቆርቆሮ ጣሳ ተዘግቶ ከጨለማ ቦታ ይቀመጣል።

ክብደቱን ለማወቅ የቤታችን ሚዛን ፋይዳ አልነበረውም። ከአንድ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ይዘነው ሄድን፤ ሰውየው ከሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጠው ሳቀ፤ 6 ግራም ከጥቂት ሆነ። ልጁ አንገቱን ደፋ። የከበደው የእኛ እጅ ነው፤ «ይጠንክር» እያልን ሙጫ ጨምረናል። ወደ ቤት ተመልሶ በምላጭ ፋቀ፥ ትርፍ ሙጫውን ገፈፈ፥ የሸምበቆውን ውስጥ ቀደደ። በሁለተኛው ጉዞአችን 4 ግራም ከ20 ተመዘነ፤ አንድ የጽሕፈት ወረቀት እንኳ ወደ 5 ግራም ይመዝናል። የዓለም ውድድር የሚደረግባቸው ግን ከዚህም ይረቅቃሉ። በዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ የክንፋቸው ርዝመት ከ55 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ያለ ላስቲክ ክብደታቸው ከ1.4 ግራም እንዳያንስ ብቻ ተወስኗል፤ ላስቲኩም ከ0.4 ግራም አያልፍም። በእነዚህ ሩቅ ሀገሮች አዳራሹም ሌላ ነው። በሩማንያ በስላኒክ ፕራሆቫ በጨው ማዕድን ዋሻ ውስጥ ያበርሩአቸዋል፤ በእንግሊዝ አገር ደግሞ ቀድሞ በካርዲንግተን ለታላላቅ የአየር መርከቦች በተሠራ ዳስ ውስጥ ያበርሩአቸው ነበር። እንዲህ ያለው አይሮፕላን ከግማሽ ሰዓት በላይ በአየር ላይ የቈየበት ጊዜ አለ።

ለክብደት ይህን ያህል የተጨነቅንበት ሌላም ምክንያት አለን። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳር ካለው አየር ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። በሳሳ አየር ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም መፍጠን አለበት፤ ለመፍጠንም ላስቲኩ ቶሎ ቶሎ ይፈታል። ስለዚህ በባሕር ዳር አገር የተጻፈን ልክ ቀድቶ የሚሠራ የአዲስ አበባ ልጅ፥ ክንፉን ሰፋ ወይም አካሉን ቀለል ማድረግ እንደሚገባው ይወቅ።

አዳራሽ የሰጠን የአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጣሪያው ወደ 6 ሜትር ይሆናል፤ ወንበሮቹ ተገፍተው፥ በሩና መስኮቱ ተዘግቶ፥ ቅዳሜ ጧት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ተፈቀደልን። ከዚያ በኋላ የአቃቂ ነፋስ ስለሚነሣ በግድግዳውና በጣሪያው መካከል እየገባ አየሩን ያውካል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አይሮፕላኑ ሦስት ጊዜ በአፍንጫው ወደቀ፤ ጭራው ከብዶ ስለ ነበር ቀና ይልና ፍጥነቱን አጥቶ ይደፋል። ልጁ ከጧፍ ላይ ጥቂት ሰም ቈንጥሮ ከአፍንጫው ለጠፈበት፤ ሚዛኑ ገባ። በሁለተኛው ቅዳሜ ደግሞ ገና ከእጁ ሲወጣ በግራ ክንፉ ተገለበጠ። ላስቲኩ ውልብልቢቱን ወደ ቀኝ ሲያዞር አካሉን ወደ ግራ ሊገለብጠው ይታገላል። መድኀኒቱ ከትግሉ ጋራ መስማማት ነው፤ የግራው ክንፍ በአንድ ጣት ያህል ይረዝማል፥ የቆመው ጭራ በጥቂቱ ወደ ግራ ይዘነበላል፥ አይሮፕላኑም አዳራሹን በግራ እየዞረ ይበራል። በሦስተኛው ቅዳሜ ተነሣ፥ ግን እንደ ርችት ተወርውሮ ከጣሪያው ወራጅ ላይ ተሰቀለ። የአዳራሹ ጠባቂ አረጋዊ፥ «እንግዲህ የርግብ ነው» አሉ። ልጁ «አባባ፥ በእግዚአብሔር ይርዱን» ብሎ ለመናቸውና፥ ከጫፉ ክር የታሠረበት ረጅም ቀርከሃ አምጥተው፥ እጃቸው ሳይንቀጠቀጥ አወረዱለት።

የከበደ እጃችን ሥራ ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ላስቲኩ ከአይሮፕላኑ ወጥቶ አራት እጥፍ ያህል ተስቦ ይጠመዘዛል፤ አንድ ሰው አንዱን ጫፍ ሳያነቃንቅ መያዝ አለበት። ልጁ ከእጅ መሰርሰሪያ ላይ መንጠቆ አስገብቶ፥ እየጠመዘዘ ቀስ በቀስ ወደ እኛ ይቀርባል። መዘውሩ አንድ ጊዜ ሲዞር መንጠቆው አራት ጊዜ ስለሚዞር 125 ጊዜ ቢያዞረው 500 ዙር ይሆናል። ከዚያ 40 ዙሩን መልሶ ይፈታል፤ የመጀመሪያው ኀይለኛ ጉልበት ነውና ወደ ጣሪያ የሚወረውረው።

በአራተኛው ቅዳሜ፥ ኅዳር ውስጥ፥ ሁላችንም በግድግዳው ተጠግተን ቆምን። የሚንቀሳቀስ ሰው አየሩን ስለሚያናውጥ ታናሺቱ ልጃችን እንኳ እጇን አጣምራ ዝም አለች። ልጁ አልወረወረውም፤ ጣቶቹን ብቻ ከፈተ። አይሮፕላኑ ፈጠን ብሎ ከሚራመድ ሰው ባልበለጠ ፍጥነት ወደ ግራ ዞረ። በመጀመሪያው ዙር ከራሳችን በላይ ሆነ፤ በሦስተኛው ከወራጁ አንድ ክንድ ሲቀረው መውጣቱን ተወ። በመስኮቱ የገባው የጧት ብርሃን ላይ ሲደርስ የፌስታሉ ክንፍ ያበራ ነበር። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ፤ ላስቲኩም ተፈትቶ ውልብልቢቱ ሲቆም፥ ከመድረኩ አጠገብ ከወለሉ ላይ ተንሸራትቶ ቆመ። እመቤቲቱ ሰዓት ይዛ ነበር፤ 47 ሰከንድ። ጠባቂው አረጋዊ መስቀላቸውን አውጥተው ተሳለሙ። ልጃችን ግን ወደ እኛ መጥቶ፥ «ያኛው ከዚህ ይበልጥ ነበር፥ አባዬ» አለን፤ ይህን ሲል ግን ይስቅ ነበር።

አይሮፕላኑ አሁን በጫማ ካርቶን ውስጥ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ተቀምጧል። ካርቶኑ በአራቱም ጐኑ፥ እኛ እንድናነበው በጉልህ ፊደል «ማገዶ አይደለም» ተብሎ ተጽፎበታል።